ወራሚት ያለው የውሃ ሞተራችን አሥራ አምስት ደቂቃ ሠርቶ ቀጥ ይላል፤ ምን እንየው? ጥያቄውና የመጡት ምላሾች

ጤና ይስጥልኝ። ሞተር የምታውቁም፣ በመስኖ የምትተዳደሩም ካላችሁ እርዱኝ። አባቴ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ወራሚት ላይ፣ ጣና ዳር፣ ሁለት ቃዳ ሽንኩርትና ጥቂት ቲማቲም አላቸው። ውሃ የምንስበው ባለ 6.5 የፈረስ ጉልበት በሆነ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ነው፤ ፓምፑ ባለ ሁለት ኢንች ነው። ሦስት በጋ አንድም ቀን ሳያስቸግረን ሠርቷል። ከጥር ወዲህ ግን አመል አወጣ። ገመዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ስንስበው ይነሳል፣ ድምፁም ደህና ነው፤ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሆነው መቆራረጥ ይጀምርና ጸጥ ይላል። ከዚያ ክንድ እስኪዝል ቢስቡት አይነሳም። ግማሽ ሰዓት ትተነው ስንመለስ ምንም እንዳልነካው ይነሳል፤ ተመልሶም በዚያው ሰዓት ይጠፋል።

ከተማ ወስደን አሠርተነዋል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላም አዲስ ነው። የሠራውን ቤት ስም አልጠራም፤ ያወጣነው ገንዘብ ግን ለእኛ ቀላል አልነበረም፣ ችግሩም እዚያው ነው። ሽንኩርቱ ራስ መያዝ ጀምሯል፤ በዚህ ሰዓት ውሃ ካጣ የዓመቱ ልፋት ቀረ ማለት ነው። አባቴ በባልዲ እያመላለሱ ነው። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው።

ጥያቄዬ ይኸው ነበር። ሰዉ ከጠበቅሁት በላይ ጻፈልኝ፤ የተጣላም፣ ከርዕሱ የወጣም ነበረ። የእኛ ዓይነት ችግር የገጠመው ሰው ከላይ እስከ ታች ማንበብ እንዳያስፈልገው ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ ቃል አስቀምጫለሁ።

1ኛው ምላሽ የመጣው ድሮ ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ፣ እኛ ፖሊ የምንለው፣ ከተማሩ አንድ አባት ነው። መፍትሔ አልሰጡኝም፤ ጥያቄ ነው የጠየቁኝ። ሞተሩ የሚጠፋው መብራት እንደሚጠፋው በአንዴ ነው ወይስ እየተንተፋተፈ? ታንኩ ሙሉ ሲሆንና ጎደል ሲል ልዩነት አለው ወይ? ዘይቱ መቼ ታይቷል? ቁልፍ ከማንሳታችን በፊት ሞተሩ መቼና እንዴት እንደሚቆም በወረቀት እንድንጽፍ መከሩኝ። ፖሊ በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየቶች ትብብር ሲከፈት ጀምሮ በነበረው ወርክሾፕ እሳቸው የተማሩት እንዲህ እንደነበርም ጨመሩ። ያን ጊዜ ምክሩ ለችግሬ የዘገየ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ከመጡት ምላሾች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

አባቴን ጠየቅኋቸው፤ መልሱን በ2ኛው ላይ ጻፍኩ። እየተንተፋተፈ ነው የሚጠፋው። አባቴ አንድ ሌላ ነገርም አስተውለው ነበር፤ ለእኔ ግን ነግረውኝ አያውቁም። ቤንዚን እስከ አፉ ሞልተው ሲያስነሱት ከወትሮው ቶሎ ይጠፋል። እኔ ይህን ሰምቼ ምንም አልገባኝም፤ ሙሉ ታንክ እንዴት ይብሳል?

3ኛው ወረታ ላይ ጋራዥ ያለው ልጅ ነው። ያለ ጥርጥር ኮይሉ ነው አለ። ኮይል ሲያረጅ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲሞቅ ይላቀቅና እሳት ማምረት ያቆማል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይገናኛል፤ ከፎገራ ሽንኩርት አምራቾች ብቻ ዘንድሮ ሦስት እንዲህ ያለ ሞተር እንደመጣለት ነገረን። 4ኛው ሰው በጨዋ ቃል ተቃወመው። የኮይል ችግር መኖሩን አልካደም፤ ነገር ግን ኮይል አብዛኛውን ጊዜ የሚቆርጠው በአንዴ ስለሆነ ከመግዛታችን በፊት እሳቱን እንድናይ ለመነ። አሠራሩንም በዝርዝር ጻፈልኝ። ሞተሩ በጠፋባት ቅጽበት፣ ሳይበርድ፣ ካንዴላውን ፈትቶ ሽቦው ላይ እንደተሰካ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር ማስነካትና ገመዱን መሳብ። ሰማያዊ እሳት ጠንከር ብሎ ከታየ ኮይሉ ደህና ነው። የካንዴላው ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር መሆን እንዳለበት፣ ይህ ሲደረግ ደግሞ የፈሰሰ ቤንዚን በአካባቢው እንዳይኖርና ካንዴላው ከወጣበት ቀዳዳ ፊት ለፊት እንዳይያዝ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያውን እኔም እደግመዋለሁ፤ ከቀዳዳው የሚተፋው ቤንዚን ያዘለ አየር ነው።

የካንዴላውን ፎቶ ለጥፌ ስለነበር 5ኛው ሰው ጥቁረቱን አይቶ ሁሉን ነገር ከፍታ ላይ ጣለው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይጠጣል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይደፈናል ነው ነገሩ። 6ኛው ቁጥሩን አረመው፤ ጣና ወደ 1,800 ሜትር ግድም ነው። በየ300 ሜትሩ የሞተር ጉልበት 3.5 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ እኛ ዘንድ አንድ አምስተኛው ጉልበት ከመነሻው የለም፤ አምራቾችም ሁልጊዜ ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተር በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው፣ ቤንዚን በልክ የምታሳልፈው ቀጭን የናስ ቀዳዳ በጠባብ እንድትቀየር ይመክራሉ። ስለዚህ ለካንዴላው መጥቆር 5ኛው ልክ ነው። ለመጥፋቱ ግን አይሆንም፤ ሞተሩ በዚሁ ከፍታ ሦስት በጋ ሠርቷል። በዚህ ክርክር ለመጀመሪያ ጊዜ አእምሮዬ የተከፈተው እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ሞተር ላይ ሁለት እውነተኛ ጉድለት ሊኖር ይችላል፣ የሚያቆመው ግን አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

7ኛው ዘይቱን ጠየቀ። በብዙ እንዲህ ባሉ ሞተሮች ላይ ዘይት ሲጎድል እሳቱን የሚቆርጥ ጠቋሚ አለ፤ ሐይቁ ዳር ተዳፋት ላይ ከተቀመጠ ዘይቱ ሙሉ ሆኖም ጎደለ ብሎ ሊያጠፋው ይችላል። 8ኛው የጠቋሚውን ሽቦ ቆርጦ መገላገል እንደሚቻል፣ እሱም እንዲያ እንዳደረገ ጻፈ። 9ኛው በዚህ ተቆጣ፤ ቃሉ ከበድ ያለ ነበር። ሽቦውን ቆርጦ ሲሠራ የከረመ ሞተር ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ እንዳየና ሰውን ወደ ኪሳራ የሚመራ ምክር አደባባይ ላይ መጣል ነውር እንደሆነ ተናገረ። 8ኛው መልስ አልሰጠም። እኔ ከ9ኛው ጋር ነኝ። እንዲህ ያለ ሞተር የሚይዘው ዘይት 0.6 ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ ይቀየራል። ያንን ትንሽ ዘይት የሚጠብቅ ሽቦ አይቆረጥም። ሞተሩን ሜዳ ላይ አስቀምጬ አየሁት፤ ዘይቱ እስከ አፉ ነው።

ነገሩን ያጠበቡልኝ 10ኛውና 11ኛው ናቸው። 10ኛዋ ዘጌ ላይ የቡና ችግኝ የምታጠጣ እህት ናት። መንተፋተፍ ሲጀምር ቾኩን በትንሹ እንድዘጋው ነገረችኝ። ለጥቂት ጊዜ ነፍስ ከዘራ ሞተሩ የራበው ቤንዚን ነው፤ ቾክ አየሩን ሲቀንስበት የቀረችው ቤንዚን ትበቃዋለችና። 11ኛው ደግሞ ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ትንሽ የማፍሰሻ ብሎን እንድፈታ አዘዘ። ሞተሩ በጠፋበት ሰዓት ከዚያ ቤንዚን በደንብ ከፈሰሰ ችግሩ ከእሳቱ ዘንድ ነው፤ ካልፈሰሰ ቤንዚኑ እየደረሰ አይደለም። አንዲት ብሎን ብቻ ናት። ካርቡራተር ከመግዛታችን በፊት ይህን የነገረን ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ከአባቴ ጋር ወረድን። ያየሁትን 12ኛው ላይ ጽፌዋለሁ፤ እዚህ ትንሽ ልዘርዝረው። ሞተሩ ለመጥፋት አሥራ ሦስት ደቂቃ ፈጀበት። መንተፋተፍ ሲጀምር ቾኩን ገፋ አደረግሁት፤ ድምፁ ለአፍታ ሞላ፣ ከዚያ ጠፋ። ማርሚታው እስኪበርድ ታገሥን፤ የጋለ ብረት አጠገብ ቤንዚን አይከፈትም። ከዚያ ቡና የምንጠጣባት ሲኒ ከሥሩ ይዤ ብሎኗን በካቻቢቴ ላላ አደረግኋት። ሦስት አራት ጠብታ ወረደና ቆመ። ከታንኩ ሥር ቤንዚን የሚያሳልፈው መዝጊያ ክፍት ነው፣ ታንኩ ከግማሽ በላይ ቤንዚን አለው፣ ሲኒው ግን ታቹ እንኳ አልረጠበም ለማለት ይቻላል። አባቴን የታንኩን ክዳን እንዲከፍቱት ጠየቅኋቸው። ክዳኑ ገና ሩብ ሳይዞር እንደ ረጅም ትንፋሽ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ አየር ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። በዚያው ቅጽበት ሲኒው ውስጥ ቤንዚኑ መንቆርቆር ጀመረ።

ክዳኑን ገልብጠን አየነው። ከጎማው በታች በአራት ታጥፎ የገባ የፌስታል ቁራጭ አለ፤ ቤንዚን ነክቶት ቢጫ ሆኗል፣ የክዳኑን ቀዳዳ ጥፍን አድርጎ ይዞታል። አባቴ ዝም አሉ። ከዚያ እሳቸው እንዳደረጉት ነገሩኝ። ጥር ላይ ሞተሩን በባጃጅ ሲያመላልሱ ቤንዚኑ እየፈሰሰ ሹፌሩ ስለተቆጣቸው፣ ሰው ላለማስቀየም ነበር። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ያየሁት ሐዘን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም፤ በባልዲ የተመላለሱበትን ሦስት ሳምንት እያሰቡ እንደነበር አውቃለሁ። ፌስታሉን አውጥተን፣ ቀዳዳውን በመርፌ ጠርገን ሞተሩን አስነሳነው። ታንኩ እስኪያልቅ ሠራ።

13ኛው ላይ የፖሊው አባት ተመልሰው ያ ሙሉ ታንክ ለምን እንደባሰ አብራሩልኝ። ቤንዚን ከታንኩ ሲወርድ በቦታው አየር መግባት አለበት። ካልገባ ከላይ የቀረው አየር እየሳሳ ይሄድና ቤንዚኑን ወደ ላይ ይዞ ያስቀረዋል። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ከላይ ያለው አየር ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይሳሳል፤ ጎደል ሲል አየሩ ብዙ ስለሆነ ይቆያል። ግማሽ ሰዓት ስንጠብቅ በፌስታሉ ጠርዝ ትንሽ ትንሽ አየር ሾልኮ ስለሚገባ መልሶ ይነሳ ነበር። አባቴ ያስተዋሉት ነገር መልሱን ይዞ ኖሯል፤ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ሞቀ። 14ኛው መካኒክ ነው፤ ጽሑፉ ተቆጥቶ የተጻፈ ነው። ገበሬው ክዳን ውስጥ ፌስታል እየጠቀጠቀ ጥፋቱን ጋራዥ ላይ እንደሚለጥፍ፣ ደንበኛ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ቆሞ እንደማይጠብቅ፣ መካኒክም የሰማውን ምልክት ይዞ እንደሚሠራ ጻፈ። 15ኛው ኃይለኛ መልስ ሰጠው፤ ገንዘብ ተቀብሎ ዕቃ የቀየረ ሰው ቢያንስ ሞተሩ በሚጠፋበት ደቂቃ ልክ አሠርቶ ማየት ይገባዋል፣ አምስት ደቂቃ አስነስቶ ሠርቻለሁ ማለት ሥራ አይደለም። እኔ ሁለቱንም ሰማሁ። 14ኛው እንዳለው እኛም አሥራ አምስት ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል ብለን በግልጽ አልነገርናቸውም፤ አይሠራም ነው ያልናቸው። ይህ የእኛ ጥፋት ነው። ነገር ግን ክዳን መክፈት ምንም አያስከፍልም፤ ካርቡራተር ያስከፍላል። በዚህ ሐሳቤን አልለውጥም።

16ኛዋ ለባጃጁ ነገር መላ አመጣች። ሲጓጓዝ መዝጊያውን ዘግቶ ታንኩን አጉድሎ፣ ቤንዚኑን ለብቻ በጀሪካን መያዝ ነው ዋናው። የግድ ፌስታል የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ከማስነሻው ገመድ ጋር በቀይ ክር ታስሮ ይቀመጥ፤ ገመዱን የሚስብ ሰው ሳያየው አያልፍም። አባቴ ቀዩን ክር ወደዱት፤ አሁን ሞተሩ ላይ አለ።

17ኛው ጠዋት ጠዋት ጨርሶ የማይነሳ ሞተር እንዳለው ጠየቀና ውይይቱን ወደ ቤንዚኑ ጥራት ወሰደው። 11ኛው ተመልሶ ከካርቡራተሩ የሚወርደውን በብርጭቆ እንዲያየው ነገረው፤ ውሃ ካለበት ከታች እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይቀመጣል። ሰውየው በማግሥቱ ፎቶ ይዞ መጣ፤ ዶቃዎቹ ይታያሉ። ከዚያ 18ኛው መንገድ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ የሚገዛ ሰው ዋጋው ይኸው ነው ሲል 19ኛው ተነሣበት። ማደያ በጀሪካን አልቀዳም እያለው፣ የድጋፍ ደብዳቤ ለማጻፍ ሁለት ቀን ተመላልሶ፣ ችግኙ ሲደርቅ ያየ ገበሬ ከመንገድ ዳር ቢገዛ ሊወቀስ አይገባም ነው ያለው። ሁለቱ ስድስት ሰባት ጊዜ ተመላለሱ፤ እሱን አልቆጥረውም። ለእኛ የሚጠቅመው መሃል ላይ የተጣለው አንድ ምክር ነው፦ ጀሪካኑን ሌሊቱን አቁሞ ማሳደር፣ ከላይ ያለውን በጥንቃቄ በጥሩ ጨርቅ አጣርቶ መቅዳት፣ የታቹን ሁለት ጣት ያህል አለመንካት።

20ኛው እንቦጭን አነሣ። አረሙ በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ ከታየ ወዲህ የመሳቢያ ቱቦው ማጣሪያ በሥሩ እየተተበተበ እንደሚያስቸግረው፣ ማጣሪያውን የቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ አስገብቶ ከውሃው ወለል ዝቅ ሲያደርገው እንደተሻለው ጻፈ። አንዳንዱ እዚህ ላይ ስለ እንቦጭ ብዙ ተናገረ፤ የሐይቁ ጉዳይ ሁላችንንም የሚያመን ስለሆነ አልፈረድኩም።

21ኛው ሐይቁ ሲሸሽ ሞተሩን የት ማስቀመጥ እንዳለበት ጠየቀ። 6ኛው መለሰለት። በባሕር ወለል ላይ ውሃ በመሳብ ብቻ ቢበዛ 10.3 ሜትር ይወጣል፤ እኛ ከፍታ ላይ ወደ 8.3 ሜትር ይወርዳል፣ በተግባር ደግሞ ከስድስት ሜትር በላይ ባይሞከር ይሻላል። ሞተሩን ከፍ አድርጎ ከማስቀመጥ ወደ ውሃው አስጠግቶ በመግፊያው ቱቦ ርቀቱን መሸፈን ነው።

ይህን አንብቦ ነው 22ኛው የጻፈው፤ ከእሱ በኋላ ለአንድ ቀን ያህል የጻፈ ሰው አልነበረም። ከሐይቁ ራቅ ባለ መንደር ውሃው ጉድጓድ ነው፤ ስምንት፣ ዘጠኝ ሜትር ይወርዳል። ፓምፑ ከላይ ሆኖ አልስብ ሲላቸው አጎቱ ሞተሩን በገመድ ጉድጓድ ውስጥ አውርደው አስነሱት። ሞተሩ ጠፋ፤ ለማየት ወረዱ፤ አልወጡም። ሊያወጣቸው የወረደው ጎረቤትም እዚያው ቀረ። የቤንዚን ሞተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ መውጫ የለውም። እባካችሁ፣ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አታውርዱ፣ በተዘጋ ቤትም አታስነሱ። የወደቀ ሰው ብታዩ ተከትላችሁ አትውረዱ፤ እርዳታ ጥሩ። ውሃው ጥልቅ ከሆነ ወደ ውሃው የሚገባ በኤሌክትሪክ ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ አለ፤ ውድ ነው፣ ግን ሰው አይገድልም። ለዚህ ሰው እግዚአብሔር ያጽናህ ከማለት ሌላ ቃል አላገኘሁም። ጽሑፉን ለአባቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው፤ እሳቸውም ለጎረቤቶቻቸው ነገሩ።

23ኛው ትናንት ማታ ገብቷል። ከዳንግላ ነው፤ የሱቁ ጄኔሬተር ሃያ ደቂቃ ሠርቶ እንደሚጠፋና ነገ ኮይል ሊገዛ እንደሆነ ጻፈ። ከመግዛቱ በፊት ሞተሩ እንደጠፋ ማርሚታው ሲበርድ ክዳኑን ከፍቶ ድምፅ እንዲያዳምጥ፣ የማፍሰሻ ብሎኗንም ፈትቶ እንዲያይ ጻፍኩለት። እስካሁን አልመለሰም።